ስለ ሰማያዊው ፔርሙስና ስለ ልጅሽ

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ባለፈው ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል ብለሽኝ ነበር፤ ሐኪም አሳየሽው ወይስ እንደ ልማድሽ «ይተወኛል» ብለሽ ተውሽው? እማማስ እንዴት ናት? የታዘዘላትን መነጽር አደረገች ወይስ አሁንም ከትራሷ ሥር ሸሽጋ «ጠፋብኝ» ትላለች? የልጆቹን አባት ሳሉ ለቀቀው? ትንሹ ልጅሽስ ቁመቱ የት ደረሰ? ያቺ ስለ አጥር የምትጨቀጭቅሽ ጎረቤትሽስ ዝም አለች ወይስ አጥሩን ገፋችው? ስለ እኔ አታስቢ። ጠዋት ጠዋት ወገቤን ይይዘኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቄን በሰዓቱ እከፍታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። «ልጄ ትምህርቷን ትታ ከፊልም ሠሪዎች ጋር ገጥማለች ይሉኛል፤ አንተ እዚያው ነህና እይልኝ፤ እውነት ከሆነ እጇን ይዘህ አውቶቡስ ላይ ጫንልኝ» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወር ሊሞላው ነው። መልሴ የዘገየው ቸል ብዬሽ አይደለም። ዕቃ ሳላይ ዋጋ ተናግሬ አላውቅም፤ በሰው ወሬም ልጅ አልመዝንም። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግሁ። መጀመሪያ የፊታችን እሑድ ወደ እናንተ የሚነሣውን አውቶቡስ ቲኬት በልጅሽ ስም ቆርጬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ቀጥዬ፣ ልጅሽ ገጥማቸዋለች የተባሉት ሰዎች ለቀረጻ የሚሆን የቤት ዕቃ መደብር ሲያፈላልጉ መክረማቸውን ሰምቼ «የእኔን ውሰዱት» አልኳቸው፤ ለዐሥር ቀን። ሰውን ለማወቅ ከፈለግሽ ከኋላው አትሩጪ፤ ቤትሽ ጋብዢውና ተቀምጠሽ እዪው።

ልጅሽ ሰኞ ጠዋት ከሰዎቹ ኋላ ገብታ እኔን ባንኮኒው ላይ ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። የት እንደሚሄዱ የነገራት የለም፤ በመኪና አሳፍረው ነው ያመጧት። «ጋሼ» አለች በቀስታ፤ ሁለት ወር ሙሉ ደጄን ያልረገጠች ልጅ። እኔም እንደ ማንኛውም ደንበኛ «ጤና ይስጥልኝ» አልኳት። ገባት። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት እንደማንተዋወቅ ሆንን። ለእኔም የሚበጀኝ ይኸው ነበር፤ የባለሱቁ ዘመድ መሆኗን ቢያውቁ ኖሮ ፊቴ ላይ ያሞግሷት ነበር።

ሠላሳ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ! የፊልሙ ታሪክ ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ከጠፋች ልጁ የመጣ ደብዳቤ ያነባል፣ ያለቅሳል። በቃ። እኔ ያንቺን ደብዳቤ ብቻዬን ነው ያነበብኩት፤ መብራት የያዘልኝም አልነበረም። «ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» ያለው ሰው እነዚህን ወንዶች ሳያይ ነው የሞተው።

ልጅሽ የገባችበትን ቤት በደንብ እንድታውቂው ከማስታወሻ ደብተሬ እየገለበጥኩ እነግርሻለሁ። ደብተሬ እንደምታውቂው ባንኮኒው ላይ ነው የምትውለው፤ የገባውን የወጣውን እዚያው እጽፋለሁ። ስለ ዳይሬክተሩ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ዳይሬክተር ማለት ወንበር ነው። ታጣፊ ነው፤ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ኩርፊያ ነው።» በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። ሥራው «ስሜቱ አልመጣም» ማለት ነው። ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ብጠይቀው «ከውስጥ» አለኝ ወደ መጋዘኔ በር እያየ። እኔም ውስጥ ያለው ካርቶን ብቻ መሆኑን ነገርኩት። አልሳቀም። ራሱን የሚያከብር ሰው ሳቅ ይፈራል።

ፕሮዲውሰሩ የሚኖረው ስልኩ ውስጥ ነው። ሁሉን አሟላለሁ ባይ እሱ ነው፤ መኪናውን፣ ምሳውን፣ ሰዉን፣ ፈቃዱን። ነገሩ ሁሉ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ምሳ በሰባት ሰዓት ይመጣል ካለ ዘጠኝ ተኩል ላይ «መንገድ ላይ ነው» ይላል፤ መንገዱ ከእኛ ሱቅ እስከ ጥግ ያለው ምግብ ቤት ነው፣ በእግር አርባ እርምጃ። ረዳት ዳይሬክተሩ ደግሞ ጸጥታ አስከባሪ ነው። «ጸጥታ!» ሲል ጎዳናው ማዶ የተኛ ሕፃን ይነቃል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ እንደገና «ጸጥታ!» ይላል። ጢሙን ያሳደገ፣ የልጆች አባት የሆነ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ቀረጻ በተጀመረ ቁጥር ቁጥር የተጻፈበት ሁለት ጣውላ ያጋጫል። ሌላ አይሠራም። አንድ ቀን በተሳሳተ ቁጥር አጋጭቶ ሦስት ሰው ገሠጸው፤ ሁለት ጣውላ አጋጭቶ መሳሳት እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የመብራቱን ነገር ስነግርሽ ደግሞ እያጋነንኩ እንዳይመስልሽ። ሱቄ በስተምሥራቅ ሰፊ መስኮት እንዳለው ታስታውሻለሽ፤ ለእሱ ብዬ ነው የተከራየሁት። መጀመሪያ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ደፈኑት። ከዚያ ውጭ በረንዳው ላይ ሁለት ሰው የሚሸከመው መብራት ተክለው ከጨርቁ ጥግ ቀዳዳ ከፍተው ወደ ውስጥ አበሩ። ምንድን ነው ይሄ ብል የመብራቱ ሰውዬ «የጠዋት ፀሐይ ነው፣ አባት» አለኝ። የጠዋቷ ፀሐይ እኮ ጀርባው ላይ ነበረች!

የድምፅ ባለሙያው ጆሮውን ደፍኖ የሚሰማ ሰው ነው። ረዳቱ ጫፉ ላይ የሞተ ድመት የመሰለ ነገር የታሠረበት ረጅም ዘንግ ከሰው ራስ በላይ ይዞ ይቆማል፤ ክንዱ ሲዝል ድመቱ ይወርድና ሁሉም ይጮኽበታል። ሰኞ ዕለት የግድግዳ ሰዓቶቼ ጆሮው ውስጥ ተንጫጩበት። አርባ ሦስት ሰዓት ነው፣ እትዬ፤ የሁሉንም ባትሪ አወጡ። ይኸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ሁልጊዜ አራት ከሩብ ነው። እነሱ ጋር ጊዜ እንዲህ ነው፤ መሥራት ሲያቅታቸው ያቆሙታል።

የበሩን ነገር ስጽፍልሽ አሁንም ደሜ ይፈላል። ባለፈው ዓመት ያስቀባሁትን በር ታውቂዋለሽ። ዝግጅት ክፍል ነኝ የምትል አንዲት ሴት መጥታ «ያረጀ እናስመስለዋለን» አለች፤ ሳልመልስላት በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገችው፣ ጭቃ የመሰለ ቀለም ቀባችው፣ ራቅ ብላ አይታ «አሁን ነፍስ ዘራ» አለች። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ? ሲጨርሱ እንደነበረ ለመመለስ አስፈርሜያቸዋለሁ። አልባሳቱንም የሚይዘው ሰው ከዚያው ወገን ነው፤ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ክርኑን ቀደደ፣ አንገትጌውን ሻይ ነከረ። ሸክም የሚያወርድልኝ ሰውዬ፣ የእሱ ሸሚዝ ዕድሜ ራሱ የቀደደው ነው፣ አይቶ አይቶ «ምነው በእኔ በለወጡት! ድካሙን እኔ ጨርሼላቸው ነበር» አለ። ሜካፕ የምትሠራዋ ደግሞ በመርጫ ጠርሙስ የተዋናዩ ግንባር ላይ ላብ ትረጫለች። ሸክም የሚያወርደው ሰውዬ ላቡን እየጠረገ አጠገቧ ቆሟል፤ አላየችውም።

ተዋናዩንማ ተዪው። ነጋዴ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ያውም እኔን። ብርጭቆ በአንድ እጥፍ ወረቀት ይጠቀልላል፣ ባንኮኒ በመዳፉ ይደበድባል። ነጋዴ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው፣ ባዶ እጁን ነው ወይስ አንድ ነገር ይዟል ብዬ ብነግረው፣ «እኔ ገጸ ባሕርዬን ከነፍሱ ነው የምጀምረው» አለኝ። ከነፍሱ ጀምሮ ብርጭቆው ላይ ሲደርስ ሦስት ሰበረ። የካሜራው ሰውዬ ዓለምን በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው፤ ረዳቱ ከተዋናዩ አፍንጫ እስከ ካሜራው በሜትር እየለካ ይውላል። አፍንጫው ካለበት ፈቀቅ ያላለ ሰው ቀን ሙሉ መለካት ምን ይባላል?

ከሁሉ ግን የገረመኝ እዚያ የሌለው ሰው ነው። የሆነ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሁሉም በአንድ አፍ «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ይላሉ። ጥላ ገባ፣ ኤዲቲንግ። ቃል ተረሳ፣ ኤዲቲንግ። የተቀረጸውን ሰብስቦ የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ሰው ነው አሉ፤ የሆነ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። የሠላሳ አንድ ሰው ኃጢአት በየማታው ይላክለታል። ምስኪን! ቢሞት በቀጥታ የሚጸድቅ እሱ ብቻ ነው።

ልጅሽስ ትዪኛለሽ። ልጅሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ስሟን እንኳ የሚጠራት የለም፤ «ደብተር!» ነው የሚሏት። ሥራዋን ስጠይቃት እንዲህ አስረዳችኝ። ፊልም ላይ ግማሽ ደቂቃ የሆነው ነገር ሲቀረጽ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሰውዬው ደብዳቤውን ሰኞ ይከፍተዋል፣ ረቡዕ ያለቅሳል። ሰኞ ደብዳቤው በግራ እጁ ከነበረ ረቡዕም በግራው መሆን አለበት። የሸሚዙ ስንተኛ ቁልፍ ተከፍቶ ነበር፣ ብርጭቆው ውስጥ ውኃው የት ድረስ ነበር፣ መደርደሪያው ላይ ምን ከምን አጠገብ ነበር፤ ይህን ሁሉ እሷ ትጽፋለች። ፎቶ ማንሻ ስጡኝ ብትል ፕሮዲውሰሩ «ዓይን የለሽም ወይ?» አላት፤ የራሷ ስልክ ደግሞ አንቺ የምታውቂው ባለ ቁልፉ ነው። ስለዚህ መደርደሪያዎቼን በእርሳስ ሣለቻቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ይሄንንም ናቅሁት። የሰው ቁልፍ መቁጠር ሥራ ነው? ሁለት ዓመት ሒሳብ አያያዝ የተማረች ልጅ! ማታ ደብተሬ ላይ «እሑድ ትሳፈራለች» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ዕለት ታዲያ ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ መጥታ፣ ሰው ሰምቶ እንዳይጠረጥር በሥራ ድምፅ፣ «አባት፣ እስክንጨርስ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ነገር እንዳይነካ፤ እንዳይሸጥም» አለችኝ። ዳይሬክተሩም ነበር፤ «ቃልዎ ነው?» አለኝ። «ቃሌ ነው» አልኩ። የእኔን ቃል ታውቂዋለሽ። ማክሰኞ ሌላ ጥግ ሲቀርጹ ዋሉ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ማለትም ትናንት፣ እነሱ ሳይመጡ ሱቄን ከፈትኩ። ሃያ ሰባት ዓመት የከፈትኩት በር ነው፣ እጄ ራሱ ይከፍተዋል። የጥጉ ፀጉር አስተካካይ ሚስት እየሮጠች ገባች። እህቷ ሌሊቱን ሆስፒታል ገብታለች፤ ትኩስ ነገር የምታደርስበት ዕቃ ፈልጋ ነው፣ ዓይኗ አብጧል። ከሦስተኛው መደርደሪያ አበባ የተሣለበትን ሰማያዊ ፔርሙስ አውርጄ፣ አፉን ፈትሼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። በር ድረስም ሸኘኋት። ከዚያ ቦታው ክፍት ሆኖ ዓይኔን ስላስጠላኝ ግራና ቀኝ ያሉትን አጠጋግቼ ሞላሁት። እትዬ፣ ቃል መስጠቴ ትዝ ያለኝ አይምሰልሽ። እግዚአብሔርን፣ ትዝ አላለኝም። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ አወርዳለሁ፣ ክፍት ቦታ ሳይ እሞላለሁ።

ሰዎቹ መጡ፣ ፀሐይዋን በጨርቅ ደፈኑ፣ ፀሐያቸውን አበሩ፣ ላብ ረጩ። ተዋናዩ ሊያለቅስ ተዘጋጀ። ስሜቱ ከውስጥ እንዲመጣለት ሃያ ደቂቃ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን፤ መጣ፤ አለቀሰ። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ሊያጨበጭብ ሲል ልጅሽ ከበርጩማዋ «ይቅርታ፣ ይሄ አይሆንም» አለች። «ሰኞ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከተዋናዩ ጆሮ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ ፔርሙስ ነበር፤ አሁን የለም። ደብዳቤውን ሲከፍት አለ፣ ሲያነበው ይጠፋል።»

ዳይሬክተሩ ሻርፑን አስተካከለ። «ሰው እያለቀሰ ማን ፔርሙስ ያያል?» አላት። የካሜራው ሰውዬ ትዝ አይለኝም አለ። መደርደሪያውን ያስተካከለችው የዝግጅት ክፍሏ ሴት ሳትጠየቅ «እኔ ሰማያዊ አላስቀመጥኩም» አለች። የሰኞው ቀረጻ ደግሞ እዚያ ለሌለው ሰው ተልኳል። ጣውላ አጋጪው እንኳ ሳቀባት፤ «ደብተር ሕልም አየች!» አለ። እሷ ሥዕሏን አሳየች፤ ዳይሬክተሩ ሳያየው በእጁ ገፋው። «እርሳስ ምስክር አይሆንም» አለ፤ «ይህን የመሰለ ዕንባ ድጋሚ የሚያመጣልኝ የለም። ባለሱቁ ቃሉን ሰጥቶኛል፤ የተነካ ነገር የለም። የለም አይደል፣ አባት? ከሌለ አንቺ ደብተርሽን አስረክበሽ ዛሬውኑ ትሄጃለሽ።»

አሁን በደንብ ስሚኝ፣ እትዬ፤ ከአንቺ የምደብቀው የለኝም። ያልለፋሁበት ነገር መዳፌ ላይ ተቀመጠልኝ። «የተነካ የለም» ብል ቃሌም አይሰበርም፣ ልጅሽም ተባርራ እሑድ ራሷ ትሳፈራለች፣ አንቺም ትመርቂኛለሽ። መሳቢያውን ሳልከፍት ነገሩ ያልቅ ነበር። ዐሥር ያህል እስኪቆጠር ዝም አልኩ። ልጅሽ አየችኝ። አልለመነችኝም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም፤ ቦታው ላይ መኖሩን እንደምታጣራው ዕቃ ነው ያየችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሠላሳ ሰው ስንቅ ቆይቼ፣ በእነዚያ ዐሥር ቁጥሮች ውስጥ ሠላሳ አንደኛውን ናቅሁ፤ እሱም እኔ ነበርኩ።

ደብተሬን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ አነበብኩላቸው። «ረቡዕ ጠዋት። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት መጣች። እህቷ ሆስፒታል ናት። ሰማያዊውን ፔርሙስ ወሰደች። ዓይኗ አብጧል።» ከዚያ «ቃሌን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ልክ ናት» አልኩ። ዳይሬክተሩ ይቅርታ የጠየቃት እንዳይመስልሽ። ጣራውን አይቶ «እኔም እኮ የሆነ ነገር ጎድሎኝ ነበር» አለ።

ከዚያ ያየሁትን ቲያትር እነሱ በሠላሳ አንድ ሰው አይሠሩትም። ያው ፔርሙስ ካልመጣ አይሆንም፤ አበባ ያለበት አንድ ብቻ ነበር። ታላቁ ፕሮዲውሰር ስልኩን ዘግቶ ሆስፒታል ሄደ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት «ከበሽተኛ ራስጌ ዕቃ አይነሣም፣ ሂድ ከዚህ!» ብላ አባረረችው። ሁለተኛ ተመልሶ ሄዶ ለመነ፤ እኔንም ይዞኝ። ለእኔ «እርስዎ ካሉ ነው የማምነው» ብላ ፔርሙሱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ አብራን መጣች፤ ከነሻዩ። ልጅሽ ተቀብላ ሥዕሏን አየች፣ አስቀመጠች፣ አፉን አንድ ጣት ያህል ወደ በሩ አዞረች፣ የአጠጋጋኋቸውንም አራራቀች። ተዋናዩ ላብ ተረጨ፤ ዕንባው ግማሽ መንገድ ሲደርስ ሴትዮዋ ከካሜራው ኋላ «ኧረ ቶሎ በል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል!» አለችው። የድምፅ ባለሙያው የጆሮውን ማዳመጫ አሽቀነጠረ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ነበር ልናገር የፈለግሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ተሳካ፤ ሴትዮዋም ፔርሙሷን ነጥቃ ሄደች።

ሰዎቹ ሲወጡ ልጅሽ ወደ ኋላ ቀረችና «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለችኝ። አታመስግኚኝ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት። «ቲኬቱ ግን ቦታውን ቀይሯል» አለች። ደነገጥኩ። «ሰኞ የደረሰኝ መጻፊያ ስታወጣ መሳቢያው ውስጥ ከመቀሱ ሥር ነበር፤ ስሜን አየሁት። ዛሬ ስትከፍተው ከደረሰኝ መጻፊያው ሥር ነበር።» ለምን አልተናገርሽም፣ ለምንስ አልቀደድሽውም ብላት፣ «የእኔ ሥራ ማየት ነው እንጂ መንካት አይደለም» አለችኝ። ሦስት ቀን እሷን ልሰልል ተቀምጬ የተሰለልኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሚዛንህን ንገረኝ ካልሽ ይኸውልሽ። ስለ ሰዎቹ የጻፍኩት ላይ አንድ ነጥብ አላነሣም። ቀበጦች ናቸው፤ ዋሾዎች ናቸው፤ ፀሐይ ደፍነው ፀሐይ ያበራሉ። ልጅሽም አንድ መንፈቅ ትምህርት ማቋረጧ እውነት ነው፤ አልሸሽግሽም። ትናንት እንደጨረስን አብሬያት ሄጄ ለማታው ክፍል ስትመዘገብ ቆሜ አይቻለሁ፤ ወረቀቱን ራሴ ይዤዋለሁ። ግን እትዬ፣ እንዲህ ባለ የዕብዶች ቤት ውስጥ ትናንት የነበረውን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱም አንቺ የወለድሽው ነው። ሠላሳ ሰው «የለም» ሲላት «ነበር» ያለች ልጅ፣ እኔ በምን አቅሜ አውቶቡስ ላይ ጭኜ እልካታለሁ?

ቲኬቱን አልቀደድኩትም፤ የተገዛ ነገር አይቀደድም። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ወስጄ አስለወጥኩት። ቀኑ ያው እሑድ ነው፤ መነሻው የእናንተ ከተማ፣ መድረሻው የእኔ፣ ስሙም ያንቺ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለ፤ ነገ ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር እጅ ይደርስሻል። ቀረጻው እስከ ረቡዕ ይቆያል፤ መጥተሽ ከባንኮኒው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ በዓይንሽ እዪ። ካየሽ በኋላ እጇን ይዘሽ ልመለስ ካልሽ መንገድ የሚዘጋብሽ የለም። የመመለሻውን ግን አልቆረጥኩም።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ መነጽሩን አድርጋ ይህን ደብዳቤ ራሷ ታንብበው፣ እኔ ነኝ ያልኩት በያት። የልጆቹን አባት «ሳልህን ይዘህ ቤት ጠብቅ፣ ሦስት ቀን ሚስትህን አውሰኝ» በዪልኝ። ትንሹን ልጅሽን ቁመቱን በር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ልኩን አምጪልኝ። አጥር ገፊዋንም ጎረቤትሽን ሰላም በያት፤ በሌለሽበት እንዳትገፋው ግን ትንሹ በእርምጃ ይለካው።

ልጅሽም ሰላም ብላሻለች። ልጽፍ ስቀመጥ፣ «እናትሽ ወደዚህ ስትሸኝሽ ምን ለብሳ ነበር?» ብዬ ልፈትናት ጠየቅኋት። ደብተር እንኳ አልገለጠችም። «ቡናማውን ሹራብ፤ ገልብጣ። የውስጡ ስፌት ወደ ውጭ ነበር፤ በግራ እጅጌው ላይ ክር ተንጠልጥሏል» አለች። ለምን አልነገርሻትም አልኳት። «ብነግራት ለማስተካከል ትገባ ነበር፤ አውቶቡሱም ሳላያት ይሄድ ነበር» አለችኝ።

ወንድምሽ፣
ከመደብሩ ባንኮኒ፣ ሁሉም ሰዓቶች አራት ከሩብ ከሚሉበት ሱቅ፤
ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን።